ከአልጋው እግር ላይ የታሰረው ክር

ጥቅምት 12 ቀን 1930፣ ዓርብ፣ ሸዋ ሮቢት

በችኮላ ነው የምጽፈው። ከጣርማ በር ዋሻ ሁለት ቁስለኛ በካሚዮን መጣ። ድማሚቱ ሰው ገለል ሳይል ፈነዳ አሉ። ደብረ ሲና አልጋ የለም ተብሎ እዚህ ቆላ ድረስ አወረዷቸው፤ ያንን ሁሉ ጠመዝማዛ! ፊት የሚባል አልተረፈላቸውም። ሁለቱንም እስከ አንገታቸው በፋሻ ጠመጠምኳቸው። አብረዋቸው የመጡት ሰዎች እንደነገሩን አንደኛው ኢብሮ ይባላል፣ የጀውሃ እስላም ነው፤ ሁለተኛው ንጉሤ፣ ከጣርማ በር ወዲያ ያለ ክርስቲያን ነው።

የጣሊያኑ ዶክተራችን ደንብ ነውና የአንገታቸውን ክር ቆረጥኩ። ቅማል ይይዛል ይላል፤ ለእሱ ማተቡም ሂርዙም ያው ቆሻሻ ነው። እኔ ግን አልጥልም። ሲድንም ሲሞትም እንድመልስለት ከየሰውየው አልጋ እግር ላይ አስረዋለሁ። የኢብሮን ሂርዝ፣ ያችን በቆዳ የተሰፋች ክታብ፣ ከበሩ አልጋ አሰርኩ፤ የንጉሤን ጥቁር ማተብ ከመስኮቱ አልጋ።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ የኢብሮን ደረት በብርሃን ልየው ስላለ፣ እኔና የምታጸዳልን ጣይባ ሁለቱን ሰዎች በአንሶላ ተሸክመን አለዋወጥናቸው። ወገቤ ተቆረጠ። የወባ ኪኒኔንም አልዋጥኩም።

ጥቅምት 13፣ ቅዳሜ

ሁለቱም ሞቱ። ሊነጋጋ ሲል፣ ተከታትለው።

በዚህ ሙቀት ሬሳ አይቆይም። እስላሞቹ ለጀናዛ ሲመጡ ሂርዝ ያለበትን አልጋ አሳየኋቸው። ወንዶቹ በሰሌን ከልለው አጠቡት። የኢብሮ እናት እትዬ ራቢዓ ከጀውሃ ደርሰው ነበር። ከፈኑ ሳይታሰር እግሩ ሥር ቁጭ አሉ፣ ዳሰስ አደረጉት፣ ከዚያ አንድ ቃል ሳይናገሩ ተነሡ። እንዲህ ያለ ጠንካራ ሰው አላየሁም። ጀውሃ ድረስ ሙቀቱ አያስኬድም ብለው ከሐኪም ቤታችን ጀርባ ካለው መቃብራቸው ቀበሩት።

ለንጉሤ ዘመድ አልደረሰለትም። ማተቡን በእጄ አንገቱ ላይ መልሼ አስሬ ለቄሶቹ ሰጠሁ። ገንዘው ኮረብታው ላይ ቤተ ክርስቲያን ቀበሩት።

ጣይባ ቀኑን ሙሉ “እትዬ ውባለም፣ እትዬ ውባለም” እያለች ከኋላ ከኋላዬ ነበረች። ውሃ ቅጂ አልኳት። ደክሞኛል።

ጥቅምት 17፣ ረቡዕ

ዶክተሩ አስጠራኝ። አስተርጓሚው ሀይሉ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። እሱ እንደሆነ ዶክተሩ ሁለት ቃል ሲናገር አሥር ያደርገዋል። ነገሩ ሲጨመቅ ይህ ነው። የመንገድ ሥራው ወደ ሰሜን እያለፈ ስለሆነ የእኛም ሐኪም ቤት ይነሣል። ኅዳር 22 ካሚዮን ይመጣል። እኔን ከሁለት አንዱ ሆስፒታል ይቀበለኛል፤ ደሴ ወይም አዲስ አበባ። መርጬ ልናገር።

“እዚህስ ምንም አይቀርም?” አልኩ።

ለወባ በሽተኛ አራት አልጋና አንድ ዳስ ይቀራል።

“ማን ይሠራበታል?”

ሀይሉ ይህንን ለዶክተሩ እንኳ አልተረጎመለትም። “እብድ ከተገኘ!” ብሎ ሳቀብኝ።

አዲስ አበባ አልሄድም። ሙያዬን የተማርኩት እዚያ ነው፣ እያንዳንዱን ኮሪደር በጨለማ አውቀዋለሁ። ግን አምና በየካቲት ወንድሜ “አሁን መጣሁ” ብሎ ከቤት ወጣ። ሬሳ የጫነ ካሚዮን ባለፈ ቁጥር እየሮጥኩ ፊት ፊቱን ሳይ ሰነበትኩ። አላገኘሁትም። የት አፈር እንደለበሰ የሚያውቅ ሰው የለም። ያንን ከተማ በየትኛው ዓይኔ አየዋለሁ?

ስለዚህ ደሴ። ደሴ ብርድ አለ። የቀዶ ጥገና ክፍል አለ፣ የታጠበ አንሶላ አለ፣ የምማርበት ሰው አለ። እዚህ ምን አለ? ወበቅ፣ ትንኝና የሀይሉ ምላስ። ደሴ ነው የምለው፤ ነገ እነግረዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ። ያን ሌሊት ሸሃዳ ሲል የሰማሁት የመስኮቱን ሰው ነው። ፋሻው አፍኖት፣ ግን ይሰማል፤ ላኢላሃ ኢለላህ፣ ላኢላሃ ኢለላህ። የመስኮቱ። ከመስኮቱ አልጋ የታሰረው ደግሞ

ይበቃኛል። ልተኛ።

ጥቅምት 21፣ እሑድ

ትኩሳት። ኪኒኑ ጆሮዬን ደፈነው፤ ሰው ሲያናግረኝ አልሰማም። የመስኮቱን ሰው ግን እሰማዋለሁ። ለዶክተሩ ስለ ደሴ አልነገርኩትም። ነገ።

ጥቅምት 26፣ ዓርብ

ረመዳን ገባ። ጣይባ እየጾመች ወለሉን ስትፈገፍግ አየኋትና ዕረፊ ብላት “ጾም ሥራ አይከለክልም” አለችኝ። እሷ ደግሞ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ዓይኔን አታይም።

እትዬ ራቢዓ ከጀውሃ በእግራቸው መጡ። በየጁምዓው ይመጣሉ አሉ። ፋሻ ስጠቀልል በመስኮት አየኋቸው። በማሰሮ ያመጡትን ውሃ መቃብሩ ላይ አፈሰሱ፣ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ቁጭ አሉ፤ ግን ወደ መቃብሩ አልዞሩም። ፊታቸውን ወደ ኮረብታው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው ነው የሚቀመጡት። ፀሐይ ሽሽት ይሆናል። ፀሐዩ በስተጀርባቸው መሆኑን አሁን ስጽፈው ነው ያስተዋልኩት።

የመስኮቱ አልጋ ላይ አንድ ወባ የያዘው ሰው አስተኝተን ነበር። ሌሊት ተነሥቶ ወለል ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። ምን ሆነህ ብለው “እዚያ ሰው አለ” አለኝ። ትኩሳት ነው፤ ትኩሳት ያስቀባጥራል። ማተቡን ስቆርጠው የቀረው የክሩ ቋጠሮ ግን ከአልጋው እግር ላይ አሁንም አለ። ልፈታው ጎንበስ አልኩና ተውኩት።

ጥቅምት 30፣ ማክሰኞ

የንጉሤ ሚስት መጣች። እቴነሽ ትባላለች፤ ልጅ እግር ናት፣ ፀጉሯን ለሐዘን ተላጭታለች። መርዶውን የሰማችው ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው።

“እመቤቴ፣ ማተቡ አብሮት ወርዷል?” አለችኝ።

“በእጄ ነው ያሰርኩለት።”

“እሰይ! እኔ ነኝ የፈተልኩለት። ይኸው በሱ ያውቁታል ስል ነበር።” ጉልበቴን ሳመችኝ። አዎ፣ ጉልበቴን። “ባዕድ አገር ወደቀ ብዬ ሳለቅስ ለካ አንቺ ኖረሽለታል።”

የአርባው ተዝካር በዋዜማው፣ ኅዳር 21 ይውላል። የነቢያት ጾም ውስጥ ስለገባ ሽሮና ጠላ ብቻ ነው የምደግሰው ብላ አፍራ ነገረችኝ። ያፈረችው እሷ ናት!

ምሳ አልበላሁም። ቀድሞ ነገር ለምን ወደ ደሴ ዛሬውኑ አልሄድም?

ኅዳር 3፣ ዓርብ

ጣይባ በሩን ከውስጥ ዘጋች።

“እትዬ ውባለም፣ ዛሬ ውሃ ቅጂ አትበሉኝ።”

“በይ ተናገሪ።”

“ሰዎቹን ለዋወጥን። ክሮቹን አልለዋወጥንም።”

“አውቃለሁ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

ተቀምጣ አለቀሰች፤ እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

ይኸው ልጻፈው እንግዲህ። ኢብሮ ማተብ አስሮ፣ ፍትሐት ተደርጎለት፣ ቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ተኝቷል። ንጉሤ በከፈን ተጠቅልሎ፣ ወደ ቂብላ ዞሮ፣ እዚህ ከጀርባችን ተኝቷል። ሁለቱም የተገረዙ፣ ሁለቱም የአንድ ዕድሜ ጎበዝ፣ ሁለቱም ፊት የለሽ። ያጠበውስ የገነዘውስ በምን ይለይ? በእኔ ክር ነው የለዩት። ሌላው ሐኪም ቤት ክሩን ቆርጦ ይጥላል፤ እኔ አከብራለሁ ብዬ አሰርኩ። ብጥለው ኖሮ ሰው ይጠየቅ ነበር፣ ዘመድ ይፈለግ ነበር፣ አንድ ምልክት ይገኝ ነበር። አከብራለሁ ብዬ!

ከመቼ ጀምሮ ያለችኝን ለራሴም አልመልስም።

ዛሬም እትዬ ራቢዓ መጥተው ነበር። በመስኮት አላየሁም። መስኮቱን በአንሶላ ጋርጄዋለሁ።

ኅዳር 4

አንድ የካራቆሬ ገበሬ ተኛ። ሂርዝ ነበረው። መቀሱን አላነሣሁም። ዶክተሩ ጮኸ፤ እኔም ጮኽኩ። “ቅማሉን አንድ በአንድ እለቅመዋለሁ በለው!” አልኩት ለሀይሉ። እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው እንጃ፣ ዶክተሩ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ።

ኅዳር 12፣ እሑድ፣ ሚካኤል

ሰዉ ጥራጊውን እየጠረገ በየደጁ ያቃጥላል፤ ከተማው በጢስ ታፍኗል። ያ የበሽታ ኅዳር ዳግም እንዳይመጣ ነው። በጢስ የሚወጣ ቢሆን እኔም ቤት አንድ ነገር ነበረ።

ለቄሱ ልንገር ብዬ ነበር ከቤት የወጣሁት። መንገድ ላይ ከጣሊያኖቹ ቢሮ ፊት ለፊት ሀይሉ ከመኮንናቸው ጋር ቆሞ ይስቃል። ትናንት ገበያ ላይ አንድ እስላምና አንድ ክርስቲያን በከብት ውኃ ማጠጫ ተጣልተው ሰው ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ሽማግሌ ነው የገላገላቸው። ሀይሉ መኮንኑ ያለውን ደስ ብሎት ነገረኝ። “ሽማግሌዎቹን ማን ጠራቸው? ትንሽ ቢቆዩ ጥይት ይቆጥቡልን ነበር” አለ አለኝ። ሀይሉ ይህ የሚያስቅ ነገር መስሎታል። አይ ሀይሉ! የገዛ አገሩን ሰው ነው የሚተረጉምለት።

ነገሩን አሰብኩት። ብናገር መጀመሪያ ከቤተ ክርስቲያን አጥር አንድ እስላም ይቆፈራል። ከዚያ ማን ነው ደፍሮ ያስገባው ይባላል። ከዚያ ከእስላሞቹ መቃብር ክርስቲያኑ ይወጣል። ከዚያ ዱላ፣ ከዚያ ጎራዴ፣ ከዚያ መኮንኑ እጁን አጣጥፎ ሲያይ። ባልናገር ደግሞ እናትና ሚስት ዕድሜ ልካቸውን የሰው መቃብር ሲያለቅሱ።

ከመንገድ ተመለስኩ። ለዶክተሩ “ደሴ” አልኩት። “ብራቫ!” ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ልብሴን ማጠፍ ጀመርኩ። ወንድሜ እንዲህ አይደለሽም ይለኝ ነበር፤ እንዲህ ነኝ መሰለኝ።

ኅዳር 17፣ ዓርብ

ሳልናገር ልሄድ ነበር። ሄጄም ነበር በሐሳቤ። ግን ጣይባ ጠዋት “ካልነገሯቸው እኔ እነግራቸዋለሁ፤ በዚህ ወር አልዋሽም” አለችኝ። ልጅቷ ወንድ ናት።

መቃብሩ ዘንድ ወረድኩ። እትዬ ራቢዓ ውሃውን አፍስሰው እንደ ልማዳቸው ወደ ኮረብታው ዞረው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው በጾም ነጥቷል።

“እትዬ ራቢዓ፣ የምነግራችሁ ነገር አለኝ።” “በአላህ፣ እስክጨርስ ስሙኝ።”

“ቁጭ በይ ልጄ። ፀሐዩ ያዞራል።”

“ይህ መቃብር…”

“አውቃለሁ።”

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

“ኢብሮ በእግሩ ነው የተወለደው” አሉ። “ፊቱን ሳላይ እግሩን ነው ያየሁት፤ አዋላጇ ስትጨነቅ እኔ እግሩን ነበር የማየው። ያን ዕለት ከፈኑ ውስጥ የያዝኩት እግር የልጄ አይደለም። እናት ይህን ትስታለች?”

“ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?”

“ልጮህ ተነሥቼ ነበር። ያን ጊዜ ከላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ። ልጄ ጉድጓድ ገብቷል ማለት ነው። ብጮህ ምን አገኛለሁ? እሱን አውጥተው ይጥሉታል፤ ይህንንም ያወጡታል። ከዚያ ወንዶቻችን ይተላለቃሉ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ጅቡ ደግሞ ይኸው ካሚዮኑን ደጃችን አቁሞ እያየን ነው። ሆድ ይፍጀው አልኩ።”

“በየጁምዓው የምትመጡትስ?”

“የሰው ልጅ ነዋ!” ተቆጡኝ። “የወለደችው ሩቅ ናት። ፋቲሃ እቀራለታለሁ፣ ውሃ አፈስለታለሁ። ዱዓውን ለማን እንደሚያደርስ ለአላህ አይጠፋውም። የኔ ልጅ ግን…” ወደ ኮረብታው አገጫቸውን ቀሰሩ። “እስላም ሴት ቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ምን ትሠራለች ይሉኛል። ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ። ከዚህ ደግሞ ምንም አይታይም፤ ዛፍ ብቻ።”

አለቀስኩ። ይቅር በሉኝ አልኩ፤ ስንቴ እንዳልኩ አላውቅም። እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። “ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ” አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

“የንጉሤስ ሚስት?” አልኳቸው።

“የሷን ይቅርታ እኔ አልሰጥሽም፣ ሐቋንም አልወስድባትም። ልቧ ሲበረታ አንቺው ትነግሪያታለሽ።” ማሰሮውን ከጎናቸው አቁመው፣ “ደሴ ትሄጃለሽ አሉ” አሉኝ።

“አዎ።”

“መልካም ነው፤ ብርዱ ይስማማሻል። ግን ከመሄድሽ በፊት አንዴ ወደ ላይ ውጪልኝ። አንቺን ማንም አይጠይቅሽም። ነጯ ፍየል ወለደች በዪልኝ። መካን ናት፣ እንረዳት እያለ ሲጨቀጭቀኝ ነበር ዋሻው ከመሄዱ በፊት። መንታ ወለደች በዪው፤ ይሳቅ።”

ፈገግ አሉ። ያን ፈገግታ ወዴት ይዤው ልሂድ?

ኅዳር 21፣ ማክሰኞ

ተዝካሩ። ሰው በዛ፣ ቄሶቹ በዙ፣ እኔም ሰበብ በዛልኝ። መቃብሩ አጠገብ ቆሜ አፌ አልከፈት አለኝ። እቴነሽ ክንዴን ይዛ ነበር። “እዚህ መሆኑን ማወቄ ነው ያጽናናኝ” አለችኝ። “የት እንዳለ የማያውቁ ስንቶች አሉ።”

አዎ እቴነሽ። አሉ።

ዞር ብዬ በአጥሩ ክፍተት ቁልቁል አየሁ። ከዚህ ላይ ሐኪም ቤታችን፣ ጀርባውም፣ የእስላሞቹ መቃብርም ፍንትው ብሎ ይታያል። ከታች ነው እንጂ የማይታየው።

ኅዳር 22፣ ረቡዕ

ካሚዮኑ በጠዋት መጣ። ሻንጣዬን ሀይሉ ራሱ ጫነልኝ፤ እሱም ደሴ ነው የሚሄደው። አልጋዎቹን እየጫኑ መስኮቱ ጋ ያለውን ሲያነሡ “እሱን ተዉት!” ብዬ ጮኽኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ።

“ከሚቀሩት አራት አንዱ እሱ ይሁን” አልኩ። ከዚያ ሻንጣዬንም አውርዱልኝ አልኩ።

ሀይሉ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ከዚያ እጁን አጨበጨበ። “እብድ ተገኘ!”

ዶክተሩ ተቆጣ፤ እንደኔ ያለ እጅ ለወባ ዳስ አይሆንም አለ። እውነቱን ነው፣ ደሴ ብሄድ ሰው እሆን ነበር። ለምን ትቀሪያለሽ ብሎ አስጠየቀኝ።

“ሰው አለኝ” አልኩት።

“ባል?” አለ ሀይሉ በዓይኑ እየጠቀሰ፣ ሳይተረጉም።

“የምጠይቀው ሰው። ተርጉምለት።”

ካሚዮኑ አቧራውን አልብሶን ሄደ። እኔና ጣይባ፣ አራት አልጋ፣ አንድ ዳስ። ወበቁ ያው ወበቅ ነው። ፈራሁ፤ ልሂድ ብዬም አሰብኩ፣ ግን ካሚዮኑ ከጀውሃ መታጠፊያ አልፏል።

እቴነሽ ለሰማንያው ትመለሳለች። እነግራታለሁ ብያለሁ። እንዴት እንደምነግራት ግን አንድ ቃል እንኳ አላገኘሁም።

ኅዳር 24፣ ዓርብ

ጠዋት ከቅዳሴ በፊት ወጣሁ። ሰው አልነበረም። ጫማዬን አውልቄ አጥሩ ውስጥ ገባሁ፣ መስቀሉን ሳልነካ እግሩ በሚሆንበት በኩል ተቀመጥኩ። በሐኪም ቤቱ ጀርባ እትዬ ራቢዓ ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ፤ ማሰሮው ከጎናቸው፣ ፊታቸው ወደ እኔ። ነጠላዬን ከፍ አድርጌ አወዛወዝኩላቸው። ይዩኝ አይዩኝ አላውቅም።

ከዚያ ወደ አፈሩ ጎንበስ አልኩ። ስንት ቀን ያዘጋጀሁት ይቅርታ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝ።

“ኢብሮ” አልኩት፣ “እናትህ ደህና ናቸው። ነጯ ፍየል ወልዳለች። መንታ ነው፤ ሁለቱም ቆመው ይጠባሉ።”